«ድፍረት»፦ የአርሲዋ ተማሪ ታሪክና የወጣቷ ተዋናይት የመጀመሪያ ሚና

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚያመራው መንገድ ከስምጥ ሸለቆው ሞቃታማ ሜዳ ቀስ በቀስ ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። ርቀቱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አካባቢው በስንዴና በገብስ ምርቱ፣ በፈረሶቹና በስመ ጥር ሯጮቹ ይታወቃል። በዚሁ በአርሲ ምድር እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ለማምለጥ በመሞከሯ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ ከሁለት ዓመት ገደማ ክርክር በኋላም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች።

ይህ ታሪክ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በሚል ርእስ ፊልም ሆኖ ለዓለም ተመልካች ቀረበ። የተማሪዋን ቦታ ይዛ የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ናት። ለትዝታ ይህ የመጀመሪያዋ የፊልም ሥራ ነበር። ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችው ደግሞ በቴሌቪዥን ድራማ ቀድሞ የታወቀችው ሜሮን ጌትነት ናት። የሁለቱ ተዋንያን ሥራ አንዲት ወጣት ወደ ትወና ሙያ ስትገባ ምን እንደሚገጥማት፣ በፊልም የቀረበ ታሪክም ከሕይወትና ከሕግ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ከሚያሳዩ የአገራችን ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ፊልሙና ስሙ

«ድፍረት»ን የጻፈውና ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ዘረሰናይ በኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ የፊልም ሙያን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ተምሯል። ፊልሙ በአማርኛ የተሠራ ነው። የብዙዎቹ የአገር ውስጥ ፊልሞች ቀረጻ በዲጂታል ካሜራ በሚከናወንበት ዘመን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መቀረጹም ለየት ያደርገዋል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚደረግ ቀረጻ ውድ ነው። እያንዳንዱ ቀረጻ የተወሰነ መጠን ያለው ጥሬ ፊልም ስለሚበላ ተዋናዩ እንዳሻው ደጋግሞ የመሞከር ዕድል አያገኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ በካሜራ ፊት ለምትቆም ወጣት ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

ርእሱ ሁለት ትርጉም ይዟል። ድፍረት በአንድ በኩል ጀግንነትንና ወደ ኋላ አለማለትን ያመለክታል። በሌላ በኩል ደግሞ በሴት ላይ የሚፈጸምን የመድፈር ወንጀል ያስታውሳል። የፊልሙ ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል የሚጓዝ ነው። የተደፈረችው ልጅ ራሷ ደፋር ሆና ትገኛለች። ይህን ሁለትነት በፊቷና በአካሏ የመግለጹ ኃላፊነት የወደቀው በወጣቷ ተዋናይት ላይ ነበር።

የትዝታ ሀገሬ የመጀመሪያ ሚና

ትዝታ የተጫወተቻት ገጸ ባሕርይ ሂሩት አሰፋ ትባላለች። ሂሩት የገበሬ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 14 ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ወደ አምስተኛ ክፍል እንደምትዛወር ከመምህሯ ሰምታ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ይወስዷታል። ጠላፊዋ ከዚህ ቀደም ከአባቷ ዘንድ ጠይቋት የተከለከለ ሰው ነው። በአንዲት ጎጆ ተዘግቶባት ከተደፈረች በኋላ ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ጠላፊው ሲደርስባትም ትተኩሳለች።

ከዚህ በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል በአብዛኛው በዝምታ የሚጫወቱት ነው። ሂሩት በፖሊስ ጣቢያ፣ በሕክምና፣ በፍርድ ቤትና በማታውቃት አዲስ አበባ ውስጥ ስለ እርሷ የሚከራከሩትን ሰዎች ታዳምጣለች እንጂ ብዙ አትናገርም። ልምድ ያለው ተዋናይ እንኳ በንግግር መደገፍን ይመርጣል፤ ቃለ ተውኔቱ የገጸ ባሕርዩን ሐሳብ ይሸከምለታልና። ንግግር ያነሰው ሚና ግን ሁሉንም ነገር በዓይን አመለካከት፣ በአቀማመጥና በአተነፋፈስ እንዲገለጽ ያስገድዳል። ትዝታ በዚህ ሚና ፍርሃትንና እልህን በአንድ ፊት ላይ ማሳየት ነበረባት።

ሁለተኛው ፈተና የአኗኗር ነው። ገጸ ባሕርይዋ ከብት የምትጠብቅ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ረጅም መንገድ በእግሯ ተጉዛ የምትማር የገጠር ልጅ ናት። የገጠር ሰው እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያይ በመጀመሪያ የሚመለከተው አረማመዱን፣ አሸካከሙንና በሽማግሌ ፊት አቋቋሙን ነው። እነዚህ ካላመኑት ታሪኩን አያምንም። በዚህ ረገድ የአንዲት ጀማሪ ተዋናይት ትልቁ ሀብት የተማረችው ስልት ብቻ ሳይሆን ሰውን የመታዘብ ችሎታዋ ጭምር ነው።

ሦስተኛው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ገጸ ባሕርይዋ ከምናብ ብቻ የተወለደች አይደለችም። ከጀርባዋ በሕይወት ያለች፣ የደረሰባትን የምታስታውስ ሴት አለች። በመሆኑም ተዋናይቷ የሌላ ሰውን ቁስል ተሸክማ የምትቆም ያህል ነው። ይህ ጥያቄ ፊልሙ ለአገር ውስጥ ተመልካች ሊቀርብ ሲል በይፋ ተነሥቷል።

ሜሮን ጌትነት፦ ከቴሌቪዥን ድራማ ወደ ሲኒማ

የጠበቃዋን ሚና የያዘችው ሜሮን ጌትነት ከ«ድፍረት» አስቀድሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በተላለፈው «ዳና» ተከታታይ ድራማ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ታውቃ ነበር። ከተዋናይነቷ ሌላ ገጣሚም ናት።

በቴሌቪዥን ድራማና በፊልም መካከል ያለው ልዩነት በሜሮን ሥራ ውስጥ ይታያል። ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ ወደ ተመልካቹ ቤት የሚገባ እንግዳ ነው። ተመልካቹ ገጸ ባሕርይዋን በረጅም ጊዜ እየለመዳት ይሄዳል፤ ዛሬ ያልተገለጸው ባሕርይ በሚቀጥለው ክፍል ይገለጣል። ፊልም ግን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድን ሰው ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ማሳየት አለበት። በ«ድፍረት» ውስጥ ጠበቃዋ በሕግ የምታምን ሆና ትጀምራለች፤ በመሐል ሕጉ ራሱ እንቅፋት ሲሆንባት ትጠራጠራለች፤ በመጨረሻም ሥራዋንና ማኅበሯን አደጋ ላይ ጥላ ባለሥልጣንን እስከ መክሰስ ትደርሳለች።

የሁለቱ ተዋንያን ጥምረት የፊልሙ ምሰሶ ነው። አንደኛዋ በቴሌቪዥን የጎለመሰች፣ ሌላዋ ገና ጀማሪ መሆኗ ለታሪኩም ተስማምቶታል። ጠበቃዋ መንገዱን የምታውቅ፣ ልጅቷ ግን ከተማውንም ሕጉንም ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይ ናትና።

ከፊልሙ ጀርባ ያለው እውነት

በእውነተኛው ታሪክ ለተማሪዋ የቆመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ግንባር ቀደሟ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ የጠበቃዋ ስም ሳይቀየር ቀርቧል፤ የማኅበሩ ስም ግን «አንድነት» ተብሏል። ወይዘሮ መዓዛ ከዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙ ሲሆን በዚህ ኃላፊነት ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስም አገልግለዋል።

ጠለፋ በኦሮምኛ «ቡቲ» ይባላል። በአርሲ ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ሲሠራበት የኖረ ድርጊት ነው። ጠላፊው ወገን አስቀድሞ ሽማግሌ ልኮ እምቢታ ሲገጥመው፣ ወይም ጥሎሽ ለመክፈል አቅም ሲያጥረው ልጅቷን በኃይል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ይገቡና ነገሩ በካሣና በጋብቻ ይቋጫል። በዚህ አካሄድ ዕርቁ የሚፈጸመው በሁለት ቤተሰቦች መካከል ነው፤ የልጅቷ ፈቃድ አይጠየቅም።

ፊልሙ ይህንን የሽማግሌዎች ሸንጎ በንቀት አላቀረበውም። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች የሟችን ቤተሰብ ከበቀል ለመግታት፣ ደም እንዳይፋሰስ ለማድረግ ይጨነቃሉ። የልጅቷ አባትም ይናገራል። ችግሩ የሸንጎው ዓላማ ሰላም ቢሆንም በውሳኔው ውስጥ ዋናዋ ተበዳይ ቦታ የሌላት መሆኑ ነው። የገጠር ተመልካች ይህን ትርኢት ሲያይ የሚያውቀውን ዳኝነት ከነጥንካሬውና ከነጉድለቱ ያገኘዋል።

ሽልማቶችና የአዲስ አበባው ምሽት

«ድፍረት» በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል በዓለም አቀፍ የድራማ ፊልሞች ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በየካቲት ወር ደግሞ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል በፓኖራማ ዘርፍ የተመልካቾች ሽልማት ተሰጠው። ሁለቱም ሽልማቶች በዳኞች ሳይሆን ፊልሙን ባዩ ሰዎች ድምፅ የሚወሰኑ ናቸው። ኢትዮጵያም ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልሞች ውድድር ይህንኑ ፊልም ልካለች። ታዋቂዋ የሆሊውድ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟን ማኖሯ ፊልሙ በብዙ አገሮች እንዲታይ ረድቶታል።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች በአዳራሽ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት ትርኢቱ ተቋረጠ። አቤቱታው ከታሪኩ ባለቤት መብት ጋር የተያያዘ ነበር። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል።

ይህ ክስተት ለፊልም ሠሪዎችም ለተዋንያንም ትምህርት ትቷል። እውነተኛ ታሪክን ወደ ፊልም የሚያመጣ ሰው ሁለት ኃላፊነት አለበት። ታሪኩን ለሕዝብ ማድረስ አንዱ ሲሆን፣ የታሪኩ ባለቤት ፈቃዷ፣ ድርሻዋና ደኅንነቷ እንዲጠበቅ ማድረግ ሌላው ነው። በተለይ ባለታሪኳ በልጅነቷ ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰደች ስትሆን፣ ታሪኳ ሲወሰድም ፈቃድ የመጠየቁ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል።

ሕጉ ምን ነበር፣ ምን ሆነ?

ተማሪዋ በተጠለፈችበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይል ነበር። ሆኖም የተጠለፈችው ሴት ጠላፊውን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባች ክሱ ይቀር ነበር። ይህ ድንጋጌ ለጠላፊው መውጫ በር፣ ለልጅቷ ቤተሰብ ደግሞ «ብቻ ጋብቻው ይፈጸም» ለሚለው ግፊት ምክንያት ሆኖ ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በሁለት ደረጃ ተለውጧል።

በመጀመሪያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጓል። በዚህም በወንድና በሴት መካከል የነበረው የዕድሜ ልዩነት ተነሥቷል።

ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። ጠለፋው ከመድፈር ጋር የተፈጸመ ከሆነ ለመድፈር ወንጀል የተደነገገው ቅጣት ተፈጻሚ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነው ሕጉ በግልጽ ደንግጓል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ማግባትም በአንቀጽ 648 ያስቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል።

ስለዚህ ዛሬ ጠለፋ ቢፈጸም ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ቂምን ለማብረድ መግባታቸው ወንጀሉን አያስቀረውም። ካሣ መቀበልም ሆነ ጋብቻ መፈጸም ክስ እንዳይመሠረት አያግድም።

ሴት ተዋንያን በኢትዮጵያ፦ አጭር ዳራ

በኢትዮጵያ የትያትር መድረክ ጅማሮ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ለሴት በመድረክ ላይ መታየት እንደ ነውር ይቈጠር ስለነበር ሰላማዊት ገብረ ሥላሴንና አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ቀደምት ሴት ተዋንያን ሙያውን ሲይዙ ከቤተሰብም ከአካባቢም ተቃውሞ መሻገር ነበረባቸው።

በፊልሙ ዘርፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። የዚያ ፊልም ባለታሪክ ስምና የ«ድፍረት» ገጸ ባሕርይ ስም መገጣጠሙ የሚያስገርም ነው። በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቢያልፍም፣ ሁለቱም ስለ አንዲት ሴት ዕጣ ማኅበረሰቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ የያዙ ናቸው።

በኋለኛው ዘመን «ገመና»፣ «ሰው ለሰው» እና «ዳና»ን የመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎች በቴሌቪዥን መበራከታቸው ለወጣት ተዋንያን አዲስ በር ከፍቷል። ቀድሞ ወደ ሙያው የሚገባው በአብዛኛው አዲስ አበባ በሚገኙት በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ትያትር ቤቶች ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ትምህርት በኩል ነበር። ቴሌቪዥን ሲስፋፋ ግን በትምህርት ቤት የድራማ ክበብና በከተማ የኪነት ቡድን የጀመሩ ወጣቶችም ዕድል ማግኘት ችለዋል። አዳማ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ መቀመጫ መሆኗ ደግሞ ሥራው በአዲስ አበባ ብቻ እንዳይወሰን አስተዋፅኦ አድርጓል።

ከአዲስ አበባ እስከ ኦስካር፦ ሩት ነጋ

የጀማሪ ተዋናይት መንገድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከባሕር ማዶም ምሳሌ አለ። ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከአየርላንዳዊት ነርስ እናት በአዲስ አበባ የተወለደች ናት። በ4 ዓመቷ ወደ አየርላንድ ሄደች፤ አባቷን በመኪና አደጋ ያጣችው በልጅነቷ ነው። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወናን ተምራ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ፊልም ገባች። ከዚያም በትናንሽ ሚናዎች፣ በመድረክ ትያትሮችና በቴሌቪዥን ድራማዎች ለዓመታት ሠርታለች።

በ2016 በተሠራውና «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም የመሪነት ሚና ስትጫወት ለኦስካር በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጨች። ከመጀመሪያ ፊልሟ እስከዚህ ደረጃ ለመድረስ 12 ዓመት ገደማ ወስዶባታል። የተጫወተችውም ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን የአሜሪካ ሕግ ከባለቤቷ ጋር በፍርድ ቤት ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሻረችውን ሴት ነው። እንደ «ድፍረት» ሁሉ ይህም ጥቂት የምትናገር፣ ነገር ግን ሕግ የቀየረች ሴት ታሪክ ነው።

ወላጆችና ጀማሪ ተዋንያን ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በአሰላ ልጆቻቸው ወደ ትወና የሚያዘነብሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሕጉ ለእነርሱም የሚለው አለ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በሠራተኛነት መቅጠር አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች የቀን የሥራ ሰዓታቸው ከ7 ሊበልጥ አይችልም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም የተከለከለ ነው። የፊልም ቀረጻ ብዙ ጊዜ እስከ ሌሊት የሚዘልቅ በመሆኑ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

በሌላ በኩል የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋንያን፣ ማለትም ለተዋንያንና ለድምፃውያን፣ በሥራቸው ላይ መብት ይሰጣል። በመሆኑም ክፍያው፣ የቀረጻው ቀናት፣ ሥራው የሚታይበት መንገድና የትምህርት ሰዓት እንዴት እንደሚጠበቅ በጽሑፍ ውል መስፈር ይኖርበታል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ውል በወላጅ ወይም በአሳዳሪ በኩል ይፈጸማል። ማንነቱ በግልጽ ካልታወቀ ሰው ዘንድ ለ«ፈተና» ተብሎ ልጅን ብቻዋን መላክ አይገባም፤ ለምዝገባ ወይም ለመመረጥ ገንዘብ መጠየቁም የማታለል ምልክት ነው።

ትዝታ ሀገሬ በመጀመሪያ ሥራዋ ያሳየችው፣ የገጠር ልጅ ታሪክ በጥንቃቄ ከተሠራ በአርሲ ያለውን ገበሬም በበርሊን ያለውን ተመልካችም እኩል ሊነካ እንደሚችል ነው። የታሪኩ መነሻ የሆነችው ተማሪ የፈለገችው ግን አምስተኛ ክፍል ገብታ መማርን ነበር። በአዳማና በአሰላ መካከል ባለው መንገድ ዳር ዛሬም ጠዋት ደብተር ይዘው የሚሄዱ ልጆች አሉ። ማታ በሰላም ወደ ቤታቸው የመመለሳቸው ኃላፊነት በሕጉ ላይ ብቻ ሳይሆን በወላጅ፣ በመምህር፣ በጎረቤትና በሽማግሌ ላይም የተጣለ ነው።